የስፖንጅ ባሕር ዛፎች

ይህ የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው። የማያምን ካለ አልቀየምም... ለመከራከር አቅሙ የለኝም። ደክሞኛል።

ቀኑ እሁድ ነበር። ወሩ ሐምሌ። ሰዓቱ ስምንት ሰዓት። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ግቢ ውስጥ የተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት።

ስምንት ሰዓት ስላችሁ የሌሊቱ እንዳይመስላችሁ። የቀኑ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ ይመጣል ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

ማሬ እባላለሁ። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ በክረምትም ጭምር። አባቴ እንዳላማው አብረውኝ ይኖራሉ። አምበር የሚባል አገር ገበሬ ነበሩ። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ከርመዋል፤ ስለዚህ ከሰው አፍ የወጣውን ቃል ሰንጥቀው ሌላ ትርጉም ካላወጡበት እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

እናቴ ስትሞት ወደ እኔ አመጣኋቸው። የአምበሩ ቤት ፈረሰ። ጓሮው ታረሰ።

ከዚያ መርሳት ጀመሩ።

መጀመሪያ ስሜን ረሱ። ቀጥሎ የእናቴን መሞት። አንድ ነገር ብቻ አልረሱም።

«ልጄ... ወደ ቤቴ ልሂድ።»

ጠዋት ይሉኛል። ምሳ ላይ ይሉኛል። ዞር ካልኩ ወጥተው ይሄዳሉ። አንዴ አስፋልቱ መሀል አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ይገሰግሳሉ፣ የጭነት መኪና ከኋላቸው ጥሩምባውን ይነፋል፣ እሳቸው ዞር እንኳ አላሉም። የባጃጅ ሹፌር ነው ጎትቶ ያወጣልኝ።

የምፈራው ይህንን ነበር። አንድ ቀን ወጥተው ላይመለሱ ነው እያልኩ በአንድ ዓይኔ ነበር የምተኛው።

አንድ ቅዳሜ ለተማሪዎቼ የአሻንጉሊት ቤት እሠራ ነበር። የካርቶን ቤት፣ ኮምፔርሳቶ ላይ የተለጠፈ፣ ዙሪያው ትንሽ አትክልት ያለው። አባቴ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ይቺ ቤታችን ናት?»

«አዎ አባዬ» አልኩ። እውነቱን ለማስረዳት ስለደከመኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ፊታቸው በራ!

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ወደ አምበር መውሰድ ካልቻልኩ አምበርን ለምን አላመጣላቸውም?

የአሻንጉሊቷን ቤት ጣሪያ በጤፍ ጭድ ከደንኩት። ሰጋቱራ በአረንጓዴ ቀለም ነክሬ ሣር አደረግሁት። አጥሩን በስቴኪኒ አጠርኩ። ጎመኑን ከወረቀት ቆርጬ፣ በወረንጦ ቅጠል በቅጠል ተከልኩ። የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቦጫጭቄ፣ ሽቦ ላይ ለጥፌ፣ ከቤቱ ኋላ የባሕር ዛፍ ደን አቆምኩ።

አባቴ ያርሙኛል።

«ጌሾዋን ወዲህ አምጫት፣ ከደጃፉ አጠገብ። እናትሽ እጇን ዘርግታ አይደል የምትቀነጥሳት?»

ሰውየው ስሜን አያውቁም፤ ጌሾዋ የት እንደነበረች ግን በስንዝር ያውቃሉ። ሳቅሁም፣ አለቀስኩም።

«የአጥሩን በር ደግሞ ዝጊው። ሰው ሳይጠራ አይገባም።»

በኮላ ጥርቅም አድርጌ ለጠፍኩት።

ከዚያ በኋላ አባቴ «ልሂድ» ማለት ተዉ። ቀኑን ሙሉ ከትንሿ ጓሮ ፊት ይቀመጣሉ። እኔም ከስንት ሌሊት በኋላ ተኛሁ።

እና... ያ እሁድ መጣ።

አከራዬ እትዬ አሰገደች ሰንበቴ ሄደዋል። ግቢው ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነን። እኔ ግድግዳ ተደግፌ፣ ሽቦና ስፖንጅ እጄ ላይ እንዳለ እያንቀላፋሁ ነው።

«ቤቶች!»

የወንድ ድምፅ ነው። ዝግ ያለ።

ቀና እንኳ ሳልል መለስኩ። «ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!»

ማን ይህን ለመመለስ ያስባል? ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። ደጅ የቆመ እንግዳ ዝም አይባልም።

ማንም አልገባም።

ወጥቼ አየሁ። የግቢው የብረት በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ከፍቼ ወደ መንገዱ አየሁ። ጭቃው ላይ ዱካ የለም።

ስመለስ አባቴ ወደ ግድግዳው ሸሽተዋል። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«ማንን ነው ያስገባሽው?» አሉ፤ በሹክሹክታ።

«ማንም የለም አባዬ። ጎረቤት መስሎኝ ነው።»

«ከብረቱ በር ላይ አይደለም የጠራው።»

«ከየት ታዲያ?»

ጣታቸውን ቀሰሩ... ወደ ትንሿ ጓሮ።

«አንዴ ብቻ ነው የጠራው። ሰው ደጋግሞ ይጠራል። አንዴ ብቻ ለጠራ መልስ አይሰጥም፣ ልጄ። አልነገርንሽም?»

በሽታው ነው አልኩ። እንዲህ ብዬ ጎንበስ ስል ግን...

የአጥሩ በር ተከፍቷል።

ኮላው ተቀዶ በክር በክር ተንጠልጥሏል። የተከፈተው ወደ ውስጥ ነው።

መልሼ ለጠፍኩት። አይጥ ነው አልኩ። ሰው ሲደክመው ሁሉን ነገር በአይጥ ያሳብባል።

በማግስቱ ከበሩ አጠገብ ያለው ሣር ተረግጦ አገኘሁት። ሰጋቱራው ተጫምቆ ቀጭን መንገድ ሠርቷል። በብሩሽ አነሳሳሁት።

ቀጥሎ ጎመኑ ወደ ጎን ተኛ። በወረንጦ አቃናሁት።

ተመልሶ ተኛ።

አባቴ እንቅልፍ አጡ። ዓይናቸውን ከኮምፔርሳቶው ላይ አያነሱም።

«ደረሰ» ይሉኛል።

«የት አባዬ?»

«ጎመኑን አለፈ... ጌሾዋ ሥር ቆሟል።»

አየሁ። ጌሾዋ ቅጠሏ ተቀንጥሷል። ከሥሯ ያለው ሣር ክብ ሆኖ ተረግጧል። አንድ ሰው ረጅም ጊዜ የቆመበት ቦታ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ከጌሾዋ እስከ ቤቱ ደጃፍ እናቴ እጇን የምትዘረጋው ያህል ብቻ ነው። እኔው ነኝ እንደዚያ የተከልኳት።

«እንግዳን ያስገባ ይሸኛል» አሉ አባቴ። እጄን ያዙኝ። መዳፋቸው እርፍ ያሻከረው ኮረኮንች ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። «ሌላ ሰው ቢሸኘው አይሄድም። አንቺ ሸኚው ልጄ። ሳይገባ።»

ምን ላድርግ? ከአባቴ ጋር ልሟገት? ከትንሿ ጓሮ ፊት ተንበረከክሁ። ኀፍረት ያዘኝ፤ ፍርሃትም ያዘኝ። ሰው እንደሚሸኝ ሰው አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ አፌ የለመደውን አልኩ።

«በሉ እንግዲህ... በደህና ይግቡ።»



ከጀርባዬ አባቴ ትንፋሻቸውን ሲውጡት ሰማሁ።

«ምን አልሽው?»

«ሸኘሁት አባዬ። በደህና ይግቡ አልኩት።»

«ማሬ!»

ስሜን ጠሩኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ...

«ማሬ... ይግቡ አልሽው? ደጃፍ ላይ የቆመውን... ይግቡ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ስንሸኝ «በደህና ይግቡ» እንላለን፤ ወደ ቤትዎ በሰላም ይድረሱ ማለታችን ነው። የቆመው ግን የአባቴ ደጃፍ ላይ ነበር። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የሚጫወቱበት ቃል፣ ሰሙም ወርቁም፣ በኔው አፍ ወጣባቸው።

ትንሿ የቤት በር ገርበብ አለች።

ከዚያ ተዘጋች።

ዞር ስል አባቴ ፍራሹ ላይ ጋደም ብለዋል። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ብጠራቸው፣ ብነቀንቃቸው አልነቁም። ይተነፍሳሉ ግን። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እዚያው እንቅልፍ ጣለኝ።

ጠዋት ቀድሞኝ ተነስቶ ነበር።

ብርድ ልብሱን አጣጥፏል። ፊቱን ታጥቧል።

«ማሬ፣ እንዴት አደርሽ?» አለኝ።

ጥርት ባለ ድምፅ። ቁርሱን በላ። የትናንቱን ያስታውሳል። የእናቴን መሞት ያስታውሳል። «ወደ ቤቴ ልሂድ» አይልም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቢውል አይወጣም።

እትዬ አሰገደች እልል ነው ያሉት። «ምን ጸበል ነው የወሰድሻቸው? እኛንም ውሰጅን እንጂ!»

ከዚያ ቀልዳቸውን አመጡ። «አቶ እንዳላማው፣ ዳኑ አይደል? እንግዲህ ልንድርዎት ነው፣ ሙሽራ ይፈልጉ!»

መዳንና መዳር። ለአባቴ ይህ የወደቀ ፍሬ ነበር፤ አንስተው ሦስት መልስ ይሰጡበት ነበር። እሱ ግን ትክ ብሎ አያቸው። ቆይቶ፣ እኛ ስንስቅ አይቶ ሳቀ።

እንጀራ ሲቆርስ አያማትብም።

ሌላም አለ። ሕዝብ ይታዘበኛል እያልኩ እታገላለሁ፣ ግን «አንቱ» ልለው አፌ እምቢ አለኝ። አባቴን ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ነው የምለው። ይህንን... አልቻልኩም።

አንድ ቀን ውሃ ሳቀብለው እጁ እጄን ነካ። መዳፉ ለስላሳ ነው። እርፍ ጨብጦ የማያውቅ እጅ።

ለማን ልንገር? «አባቴ ስለዳነ ተቸገርኩ» ብዬ ማን ይሰማኛል? ደግሞ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ... ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አድራለሁ። ሰውነቴ እፎይ ብሏል። ልቤ እያለቀሰ ሰውነቴ ያርፋል።

የአሻንጉሊት ቤቷን ወደ ትምህርት ቤት ልወስዳት ነበር። ሳነሳት አንድ ነገር አየሁ።

ከኋላ ያለው ደን ሳስቷል።

ስፖንጆቹ አልረገፉም። ሽቦው ከሥር ተቆርጧል። ጉቶዎቹ ሰጋቱራው ውስጥ ቆመዋል፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት የስለት ምልክት አለ፤ በአንድ ምት መቁረጥ ያቃተው ሰው ነው የቆረጠው።

ዞሬ ደጃፉን አየሁ። እንጨቱ ተከምሯል። በቁመት በቁመት ተደርጎ፣ ሥርዓት ባለው መንገድ። አባቴ ለክረምት ማገዶ የሚከምሩት እንደዚያ ነው፤ ወፍራሙን ከታች።

የትንሿን ቤት በር ልከፍት ሞከርኩ። በወረንጦ፣ ቀጥሎ በምላጭ። ካርቶን ናት፤ አልተከፈተችም። ጣሪያዋን ልገነጥል እጄን ሰነዘርኩና... ከውስጥ ያለው ሰው ቢጎዳስ?

ወደ ትምህርት ቤት አልወሰድኳትም።

የሐምሌን ብርድ ታውቁታላችሁ። አባቴ ደግሞ ብርድ አይችሉም።

ስለዚህ ዛፍ እሠራለሁ። ከሥራ ስመለስ ስፖንጅ እቦጫጭቃለሁ፣ ሽቦ እቆርጣለሁ፣ ኮላ እቀባለሁ። ሽቦውን ተውኩት እንዲያውም፣ ለጉልበታቸው ይከብዳል። በስቴኪኒ ነው የምሠራው አሁን። የተከልኩት በማግስቱ ተቆርጦ አገኘዋለሁ።

እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

«ለማን ነው የምትሠሪው?»

«ለሕፃናቱ።»

«አይበቃም?»

«አይበቃም።»

ፈገግ ይላል። ሌላ አይጠይቀኝም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አንድ ደህና ባሕር ዛፍ ተከልኩ። ወፍራም አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ብርዱ ዛሬ በርትቷል። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ኮላው ገና አልደረቀም። ወረንጦውን ሳነሳ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዛፉ ከሥሩ ነቅነቅ አለ።

ቆመ።

እንደገና ነቅነቅ አለ... እንደገና።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ትንፋሽ እንደሚሰበስብ ሽማግሌ።

እና እንደገና ጀመረ።