ኦሙራይሱን ማን ይብላው?

እንቁላሉ አሁንም መሃል ለመሃል ተቀደደ። ከነዓን ቀረጻውን አቆመና የተቀደደውን እንቁላል ቆሞ በንዴት ዋጠው። ኦሙራይስ ነው የሚሠራው፤ በኬቻፕ የተጠበሰ ሩዝ ላይ እንቁላል እንደ ጋቢ የሚጠቀለልበት፣ ጃፓኖች ቤታቸው የሚበሉት ተራ ምግብ። ተራ ይበሉት እንጂ የሠራው ያውቀዋል።

ቪዲዮው የጃፓንኛ ክፍል ሥራ ነው። ሳይቆራረጥ መቀረጽ አለበት፤ መጨረሻ ላይ ተማሪው ራሱ በልቶ ጣዕሙን በጃፓንኛ ይናገራል። ዛሬ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልገባ ዜሮ ነው። ዜሮ ካገኘ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከጃፓንኛ ክፍል ይወጣል፤ አስተማሪዋ አንድ ጊዜ አራዝማለታለች፣ ሁለተኛ እንደማይኖር ቁርጡን ነግራዋለች። ከነዓን ከትምህርት ሁሉ የሚወደው ደግሞ ይሄንኑ ነው።

ጠዋት አንዱ አምሮለት ነበር እኮ። ገና ኬቻፑን ሲያነሳ እትዬ ማንተግቦሽ እናቱን ወደ ቸርች ሊወስዱ ከች አሉ። እናቱ ሳህኑን ብድግ አድርጋ አቀረበችላቸው፤ ልጄ የጃፓን ምግብ ቻለ ብላ ጉራዋን ነዛች። እትዬም ሙልጭ አድርገው በሉና ሚጥሚጣ ጎድሎታል አሉ። ሲሪየስሊ? ቪዲዮው ላይ የቀረው የእናቱ እጅ ሳህኑን ሲወስድ ብቻ ነው።

እናቱ ለቸርቹ የኅብረት ምሳ የሠራችውን ወጥ ከነድስቱ ጭና ሄዳለች። ቤት ውስጥ የቀረው ለአንድ ሰው የሚሆን ሩዝና ሁለት እንቁላል ነው፤ ከአንድ ኦሙራይስ በላይ አይወጣውም። ሄጄ ልግዛ እንዳይል የሚኖሩበት ዋይንድሃም ቬል ከከተማው ዳር ያለ አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤት በቤት ሆኗል እንጂ በእግር የሚደረስ ሱቅ የለም፣ የእሑድ አውቶቡስም ተስፋ አይጣልበትም።

በዚህ ላይ በሩ ተንኳኳ።

የእናቱ የቸርች ወዳጅ ጋሼ ዳምጤ ናቸው። ላቨርተን ኖርዝ ከሚሠሩበት የዕቃ መጋዘን ሺፍታቸውን ጨርሰው መምጣታቸው ነው። መኪናቸው ጋራዥ ስለገባች የሥራ ጓደኛቸው አድርሷቸው ሄዷል፤ እናቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ስትመለስ ወደ ማታው ጸሎት ይዛቸው ልትሄድ ተቀጣጥረዋል። ከነዓን ሶፋው ላይ አስቀመጣቸው፣ ውሃ ሰጣቸው፣ እንደ ደንቡም ምግብ ላቅርብልዎት ወይ አላቸው።

«ኧረ አትቸገር ልጄ፤ በልቻለሁ» አሉ።

ከነዓን እፎይ አለ። ትምህርት ቤት አንድ ሰው ኖ ታንክስ ካለ አለቀ፤ ማንም አይለምነውም። የገዛ እናቱ ግን ሰው ቤት ሄዳ በልቻለሁ ስትል ቆይታ፣ መኪና ውስጥ ስትገባ ሞትኩ በረሃብ የምትል ሴት ናት። ይህን ሐሳብ ወዲያ አለው። ራሳቸው ናቸው በልቻለሁ ያሉት፤ እሱ ምን ያድርግ?

ስልኩን አስደግፎ መቅረጽ ጀመረ። የዛሬ ዕድሉ አሁን ገና ተገኘ። እንቁላሉ ሳይቀደድ ረጋ፣ ሩዙ መሃሉ ገባ፣ መጥበሻውን ሳህኑ ላይ ሲገለብጠው ደረቱን የነፋ ኦሙራይስ ቁጭ አለ። በኬቻፕ ስሙን ጻፈበት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የቀረው ጃፓኖች ከመብላታቸው በፊት እንደሚሉት «ኢታዳኪማስ» ብሎ መጉረስ ብቻ ነው።

ማንኪያውን ሲያነሳ ዓይኑ ስልኩ ስክሪን ላይ አረፈ። ከትከሻው ኋላ ሶፋው ይታያል። ጋሼ ዳምጤ ውሃውን ጨርሰውታል። የምግቡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ እሳቸው ግን ሰው ሲበላ ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም።

ኤጭ! ለምን እንደ ሰው ርቦኛል አይሉም? በቃ፣ ርቦኛል! አንድ ቃል እኮ ናት። ለምን ሁልጊዜ ሌላው ሰው መገመት አለበት? ደግሞ ዛሬ፣ ደግሞ አሁን፣ ደግሞ ይሄኛው ላይ!

ማንኪያውን አስቀመጠ፤ የተጎረሰበት ሳህን ለእንግዳ አይቀርብም። ቀረጻውን አቆመው። ሳህኑን ይዞ ወደ ሶፋው ሄደ።

«ጋሼ፣ ይብሉ።»

«በልቻለሁ አልኩህ እኮ። ለራስህ የሠራኸውን…»

«በሞቴ ይብሉ» አለ። ከአፉ ሲወጣ ለራሱም የእናቱ ድምፅ መሰለው።

ጋሼ ዳምጤ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት አደረጉና መብላት ጀመሩ። አበላላቸው ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው አበላል ነበር።

ከነዓን አሁንም እንደተናደደ ነው። ለአስተማሪዋ ቪዲዮው እንደማይደርስ ጻፈላት። ምክንያቱን ሊጨምር ብሎ፣ ከየት ጀምሮ እንደሚያስረዳት ስለጠፋው እንዲሁ ላከው። ከዚያ የውሃውን ጆግ አመጣና፣ ጋሼ ብቻቸውን እንዳይበሉ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ።