የእማማ ዘመነች ካሜራ

ጋሽ አምላኩ ካሜራውን እማማ ዘመነች ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አዞሩት። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከፊቱ ሌንስ፣ ከጎኑ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው።

«ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያነሳ ነው። አየር ጤና ሰፈር የካሜራ ሱቅ ከከፈትኩ ሠላሳ ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ለጥገና መጥቶልኝ አያውቅም» አሉ።

እጀታውን ቀስ ብለው ገፋ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ውስጡ ፊልም አለ። ያልታጠበ።»

እማማ ዘመነች ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «አባቴ በዚህ እናቴን አንስቷት ነበር ይሉኛል። እኔን በወለደች በዓመቱ ሞተች። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም፤ መልኳን አላውቀውም።»

«የካሜራው በር ካልተከፈተ ተስፋ አለ» አሉ ጋሽ አምላኩ። « ፊልም ብርሃን ካየ ግን አለቀለት። የከፈተው ሰው አለ?»

«ማን ይከፍተዋል! ቁም ሳጥን ላይ ነው የኖረው። ትናንት ነው እነዚህ የጎረቤት ልጆች አውርደው አቧራውን የጠረጉልኝ።»

ከልጆቹ አንዷ፣ ሳያት፣ ጓደኛዋን ፋሪዳን ላለማየት አንገቷን ደፋች። ትናንት እማማ ጓዳ ሳሉ የካሜራውን በር ከፍተው፣ በስልክ መብራት ውስጡን ለቲክቶክ ቀርጸው ነበር። ጥቁር ጥቅል ነገር አይተው ጫፉን ስበው ስቀዋል። ፊልም ብርሃን እንደማይወድ ሁለቱም አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት ስልክ ብቻ ነው።

«ዝም በይ» አለች ፋሪዳ በሹክሹክታ። «የድሮ ነገር ነው፣ አርጅቶ ተበላሸ ይላሉ። ማንም አይነቃም።»

እውነቷን ነው። ሳያት ብትናገር ግን እናቷ ትሰማለች፣ ሰፈሩም ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ማን ቤቱ ያስገባቸዋል?

ጋሽ አምላኩ ካሜራውን በጥቁር ጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። «ውጭ አገር የሚያጥብ ሰው አውቃለሁ። ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ይጠብቃሉ?»

«ዕድሜ ልኬን ጠብቄ፣ አንድ ዓመት ያቅተኛል?» እማማ ዘመነች እየሳቁ ተነሡና ከሶፋው በላይ የተሰቀለውን ካላንደር ከምስማሩ አወረዱ። «ፎቶዋን አስወጥቼ እዚህ ነው የምሰቅላት። ስገባም ስወጣም እንዳያት።»

ሳያት ባዶውን ምስማር አየች።

«ጋሽ አምላኩ፣ ቆይ» አለች። «ትናንት ከፍተነዋል።»

«አንቺ!» አለች ፋሪዳ።

እማማ ዘመነች ካላንደሩን እንደያዙ ዞሩ። ጋሽ አምላኩ እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሱ።

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ሳያት ሁለት ደቂቃ ልትል አፏን ከፈተች።

«አስር ደቂቃ» አለች። «ጫፉንም ስበነዋል።»