ውሃ የጠጣው ጎራዴ

አንጥረኛው ካንቤ ከመስፉ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ስለቱ በግራ አንገቱ ገብቶ እስከ ደረቱ ወርዷል፤ ደሙ የወለሉን የከሰል ብናኝ ጭቃ አድርጎታል። ኢንስፔክተር ኩራቺ ግን ሬሳውን ከማየቱ በፊት የሰማው የጡጫ ድምፅ ነበር። ለጦሩ ጎራዴ የሚረከበው መቶ አለቃ ኢሶጋይ፣ የሟቹን አማች ያሶጂን ምሰሶ ላይ አስሮ ይደበድበዋል።

«ብረት መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው!» አለ መቶ አለቃው፤ ደግሞ አፉን መታው። አንድ ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«የሰው አፍ ብረት አይደለም፤ ይብቃዎት» አለ ኩራቺ።

«ገዳዩ ይኸው እኮ! ሬሳው አጠገብ የወደቀው ጎራዴ የእጁ ሥራ ነው። ስሙ አለበት፣ ደም አለበት፣ ስለቱም ተሸርፏል። እኩለ ቀን ላይ የጦር ፖሊስ መጥቶ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ገመድ ነው!»

የሟቹ ልጅ ፉሚ በአባቷ ሬሳና በባሏ መካከል ቆማ ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷታል። «ጌታዬ፣ አባቴን አጥቻለሁ፤ ባሌን አይጨምሩብኝ» አለች። ኩራቺ ወደ ያሶጂ ዞረ።

«ከአማትህ ጋር ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«እንደ ሁልጊዜው በውሃና በዘይት» አለ ያሶጂ ደም እየተፋ። «እኔ የጋለውን ጎራዴ ዘይት ውስጥ ነው የምነክረው። አያምርም፤ ግን ብርድ አይሰብረውም። እሳቸው ከውሃ በቀር አያውቁም። ውሃ ስለቱ ላይ ኒኤ ያወጣል፤ እንደ ጨው የሚያብለጨልጭ ቅንጣት። ሲበዛ ብረቱ ይሰባበራል ስላቸው፣ ‹ኮከብ የሌለው ሰማይ ሠሪ› ብለው ሰደቡኝ።»

«ልክህን ነገረህ!» አለ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ሞሮቶ። የካንቤን ጎራዴዎች ሠላሳ ዓመት የወለወለው እሱ ነው። ዓምና አንድ ልጁ ኢኩዞ ማንቹሪያ ላይ ሞቶ አመዱ በሣጥን ከመጣለት ወዲህ ከሰው ጋር ብዙም አያወራም። «ያንተ ጎራዴ ሽንኩርት ይክተፍበት።»

ኩራቺ ተንበርክኮ ከሟቹ አጥንት ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል የብረት ስባሪ በወረንጦ አወጣ። በማጉያ መነጽር አያት። ከዚያ የመቶ አለቃውን ጎራዴ እንዲያሳየው ጠየቀ።

«የአያቴ ነው! በእጅህ እንዳትነካው!»

«በዓይኔ ይበቃኛል።»

አይቶ ሲያበቃ እጅ ነስቶ መለሰለት። ቀጥሎም መንገዱን ተሻግሮ ሞሮቶ ቤት ገባ፤ ለኢኩዞ መታሰቢያ ሊጸልይ ነው አሉ። ሲመለስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሁሉንም መስፉ ዙሪያ ሰበሰበ።

«ጋሼ ሞሮቶ፣ ይህ ከአጥንቱ የወጣ ነው። የዘይት ነው የውሃ?»

ሽማግሌው ስባሪዋን ተቀብሎ የተወለወለውን ጎኗን ወደ ብርሃን አዞረ። «የዘይት» ቢል ያሶጂ አለቀለት። አፉን ከፈተ፤ ስለ ብረት መዋሸት ግን አቃተው።

«የውሃ» አለ።

«እንግዲያው የያሶጂ ጎራዴ አልገደለም» አለ ኩራቺ። « በመዶሻ ተሸርፎ፣ ደም ተቀብቶ ነው የተጣለው። የመቶ አለቃው ስለት ሙሉ ነው፤ ቅንጣቱም የላመ፣ ጉም የሚመስል። የስባሪዋ ግን እንደ ጨው ጎላ ጎላ ያለ ነው፤ የካንቤ ሥራ። የካንቤ ጎራዴዎች ደግሞ ሁሉም ዘምተዋል። የተመለሰ አንድ ብቻ ነው፤ ከኢኩዞ አመድ ጋር።»

ጨርቁን ፈታው። ከወገቡ የተሰበረ ጎራዴ ነበር። ስባሪዋን ስለቱ ላይ ካለችው ሽራፊ ቢያስጠጋት ልክክ አለች።

«የኢኩዞ ፎቶም ሣጥንም አቧራ ለብሰዋል። ይህ ብቻ ተጠርጎ ከዝገት የሚጠብቅ ትኩስ የቅርንፉድ ዘይት ተቀብቷል፤ ሽታው ነው የጠራኝ። ሌላ ገዳይ ቢሆን ወንዝ ይጥለው ነበር። ወልዋይ ግን ደም የነካ ብረት ዝጎ ማየት አይችልም።»

ሞሮቶ ስባሪውን ጎራዴ መንትፎ ወደታሰረው ያሶጂ ዘለለ። ኩራቺ በመዶሻ እጀታ የእጁን አንጓ መታው፤ አጥንቱ ቋ አለ። ሽማግሌው በጉልበቱ ወደቀ።

«በመጀመሪያው ምት ተሰበረበት!» ብሎ ጮኸ። «ልጄን ባዶ እጁን አረዱት! ካንቤ ገደለው፤ አንተ እንደሚሰበር እያወቅህ ዝም አልክ!»

«ዝም አላልኩም፣ ጋሼ» አለ ያሶጂ። «ኢኩዞ ሊዘምት ሲል የዘይቱን ለምኖኝ ሰጥቼው ነበር። ደጄ ላይ የወረወሩት እርስዎ ነዎት። ‹ልጄ ኮከብ የሌለው ብረት አይታጠቅም› ብለው ከአፎቱ እንኳ ሳያወጡት።»

ያሶጂ ወለሉ ላይ ወደወደቀው ጎራዴ በአገጩ ጠቆመ።

«ከግድግዳዬ አውርደው ደም የቀቡት እሱኑ ነው።»

ፉሚ የባሏን ገመድ እየፈታች ታለቅሳለች። ሽማግሌው እየተንፏቀቀ ሬሳው አጠገብ ወደወደቀው ጎራዴ ደረሰ። ሽማግሌው ራሱ በመዶሻ ከሸረፈው ቦታ በቀር እንከን አልነበረበትም። በደህና እጁ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ በእጅጌውም ደሙን ይጠርግ ጀመር።