ሁለት ገጽ ብርድ

«ብርድ ነው ይላል» አለች ዱሬቲ፣ ደብዳቤውን አጣጥፋ።

ደብዳቤው ከአዲስ አበባ ሐኪም ቤት የመጣ ነው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ በታይፕ ተጽፏል። ብርድ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለበትም።

እናቷ ዋሪቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የጎመን ዘር እያበጠረች ነበር። «እሰይ! ተመስገን! እኔ እኮ ራጅ ሲያነሱኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር» አለች። ወዲያው ሳል ያዛት። ደረቷን ይዛ ብዙ ሳለችና «ይኸው ብርዱ» ብላ ሳቀች።

የዱሬቲ አጎት መገርሳ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀላት። ጎበዝ ማለቱ ነው።

የጃንሆይ ቴምብር የተለጠፈበትን ደብዳቤ ጠዋት ከመቱ ከተማ ፖስታ ቤት ወደ መንደራቸው ሁሩሙ ያመጣው እሱ ነው። ማንበብ ስለማይችል ዱሬቲን ከቤቱ ኋላ፣ ቡናው ሥር ወሰዳትና አስነበባት። በዋሪቱ ሳንባ ላይ የታየው ካንሰር ነው፣ ይላል ሐኪሙ። ከሦስት ዓመት በፊት ከተቆረጠው ከጡቷ የመጣ አይመስልም፤ ራሱን የቻለ አዲስ ነው። ሁለተኛ ስለሆነ ብቻ ግን ተስፋ አይቆረጥም። ገና ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ከመጣች በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል። «ሁለቱንም አልፈው ዓመታት የኖሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያልኖሩም አይቻለሁ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይምጡ።»

መገርሳ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዱን ብቻ ነው። «ሁለተኛ?» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «የመጀመሪያውን ያለፈችው በእግዜር ቸርነት ነው። ሁለት ማን ችሎ ያውቃል? ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም፣ ልጄ። ከነገርናት ዛሬውኑ ትተኛለች። ብርድ ነው በያት፤ ደስ ብሏት ትሰንብት።»

ዱሬቲም «እሺ፣ ኤሱማ» ብላው ነበር። የእናት ወንድም እምቢ አይባልም።

«ታዲያ ነይ ይላል?» ጠየቀች ዋሪቱ፣ ሳሏ ጋብ ሲል።

«ሲ... ሲመችሽ።»

«እንግዲያው ቡናው ይለቀም። ታኅሣሥ ላይ እሄዳለሁ።»

ታኅሣሥ! ገና እኮ መስከረም ሃያ ነው። ዱሬቲ ስትዋሽ ሐኪሙ የሰጠውን ቀን ረስታው ነበር፣ ሞኝ! ቀና ብላ አጎቷን ብትፈልገው፣ እሱ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቡናው እየሄደ ነው።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቷ፣ ከሰፌዱ ላይ ገለባ እየለቀመች። «ብርድ ነው ለማለት ሁለት ገጽ ፈጀበት? ወሬኛ ሐኪም ነው መሰለኝ።»

ዱሬቲ መሳቅ አቃታት።

«ያኔ ጡቴ ላይ እብጠቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ» ቀጠለች ዋሪቱ። «ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ እብስ አልኩ። ብነግራቸውማ ‹ተይ፣ ተቀመጪ፣ ይሻልሻል› እያሉ ይቀብሩኝ ነበር።»

ይህን ስትል ልጇን አላየቻትም። ዓይኗ ዘሩ ላይ ነው።

ዱሬቲ ፈራች። ኤሱማ እንደሚቆጣ ታውቃለች። እናቷ ሰምታ ብትወድቅስ? በዓመቱ እሷ ያለ እናት ብትቀርስ? ሐኪሙ ራሱ ትድናለች አላለም። ደግሞ አትድንም አላለም። አሥራ አምስት ቀን ነው ያለው።

«አዮ» አለች፣ «ቅድም ያነበብኩልሽ ልክ አይደለም።»

ዋሪቱ ሰፌዱን አስቀመጠች። አጠገቧ ያለውን በርጩማ ሳበችላት። «ተቀመጪ። ከላይ ጀምሪ፤ አንድም ቃል እንዳትዘልዪ።»

ዱሬቲ ወረቀቱን ዘረጋችው። «ለወይዘሮ ዋሪቱ ጅራታ» ብላ ጀመረች። ካንሰር የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ቀጥዪ» አለች እናቷ።

እስከ መጨረሻው አነበበችላት። የኖሩ የሚለውንም፣ ያልኖሩ የሚለውንም አልዘለለችም። ዋሪቱ ደብዳቤውን ተቀብላ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ወደ ቡናው ዞራ ተጣራች፦

«መገርሳ! ዘንድሮ ቡናውን የምትለቅመው አንተ ነህ!»