በደሴቲቱ ላይ የተነሱለት ሰው

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፤ ዓይናችን ይለምደዋል። ጠጋ ጠጋ በሉ። በበሩ በኩል ያለኸው፣ መቀርቀሪያውን አይተኸዋል? እሺ። እንግዲህ ስሙኝ።

ዘመኑ ሩቅ ነው። ሰዓቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ነው። መንገዱ ደግሞ መንገድ አይባልም። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ በዋርካና በዱር ሎሚ መሃል ሽቅብ የሚወጣ፣ ሰው የማይሄድበት ቀጭን መተላለፊያ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። አንለይ ይባላል። የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ፤ ዘመዶቹ ዛሬም አሉ።

መንደሩ ከሐይቁ ማዶ ነው። አንለይ የሚሄድባት ግን ደሴት ናት፤ ሞቃት ናት፣ ክረምት ከበጋ ለምለም ናት። አናቷ ላይ የጥንት የድንጋይ ፍርስራሽ አለ። ማን ሠራው? አይታወቅም። አንዱ የንጉሥ ግብር ቤት ነበር ይላል፤ ሌላው ንጉሥ ሳይኖርም ነበረ ይላል። የመንደሩ ሰው ደንገል ሊቆርጥ ወደ ደሴቲቱ ይቀዝፋል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ደንገሉን ከዳር ቆርጦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል።

ታዲያ አንለይ ለምን ወጣ? ታንኳው ነው ጉድ የሠራው። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከውሃ አውጥተህ፣ በቁሙ አስደግፈህ ካላንጠፈጠፍከው ይከብድና መሃል ሐይቅ ላይ ይዞህ ይሰምጣል። አንለይ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያን ቀን ግን ደንገሉ አማረለትና፣ ሲቆርጥ ሲቆርጥ ታንኳውን ውሃ ላይ እንዳሰረ ረሳው። ሲመለስ ታንኳው እንደራሰ ጋቢ ከብዷል። ጎትቶ አወጣው፣ ከቋጥኝ ጋር አስደግፎ አቆመው። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። ጠበቀ። ሰለቸው። ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከማዶ ሆኖ የሚያየው ግድግዳ እዚያ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ልየውና ልመለስ አለ።

ሚስቱ እንጉዳይ ጠዋት ስትሸኘው ወደ ላይ እንዳይወጣ ለምናው ነበር። እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያቸው ነው። እሱም አልወጣም ብሎ ምሎላት ነበር። ሲምል ደግሞ ከልቡ ነበር።

አንለይ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብትሉኝ፣ ድሃ ነበር። በሰው ቤት ያደገ፣ በሰው ቤት ያገለገለ ሰው ነበር። ድግስ ሲጠራ በር ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ሰው በገባ ቁጥር እሱ ይነሳል። ወጉን ታውቁታላችሁ። ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል። የገባው «በእግዜር» ይላል። የተነሳውም ተመልሶ ይቀመጣል። አንለይ ዕድሜውን ሁሉ ሲነሳ ኖረ። ለእሱ ግን የተነሳለት አልነበረም። አንድም ሰው። ይህን የነገራት ለእንጉዳይ ብቻ ነው። እየሳቀ ነገራት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

እንግዲህ ከፍርስራሹ ደጃፍ ደረሰ። መዝጊያ የለውም። ግራና ቀኝ ጥቁር ድንጋይ፣ በላይ ጥቁር ድንጋይ፣ በቃ። እና ምን አደረገ መሰላችሁ? ልማድ ነው፤ ቆመና «ቤቶች!» አለ። ባዶ ፍርስራሽ ላይ። በራሱ ሳቀ።

አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ተመለከተ። መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነው። ጣራው ወድቋል፤ ዋርካው ከላይ አጎንብሶ ቅጠሉን ያራግፋል። ወለሉ ላይ ግን አንድ ቅጠል የለም። ማን ጠረገው?

ከዚያ መደቡን አየ። የድንጋይ መደብ ነው፣ ግድግዳውን ይዞ ዙሪያውን ይሄዳል። መደቡ ላይ ቋጥኞች አሉ። ቁመታቸው የተቀመጠ ሰው ያህላል። አንዱ ጎንበስ ብሏል። አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሏል። አንለይ በሩ አጠገብ ያለውን በእጁ ነካው። ሞቀው። ፀሐይ አሙቆት ይሆናል አለ። እዚያ ጥግ ፀሐይ ይደርሳል እንዴ? አይደርስም።

«ይግቡ» አለ አንድ ድምፅ።

ይግቡ! አንቱ መባሉ ነው እኮ። ያን ሰው አንቱ ብሎት የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ድምፁ ዞረ። ሩቁ ጥግ ላይ፣ ቋጥኝ የመሰለው ነገር ጋቢውን ሰበሰበ። ጋቢ ነበረው። ጢም ነበረው። ነጭ በነጭ የሆነ ትልቅ ሽማግሌ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። ቆመ።

«ኖር» አለ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «በእግዜር» ትላላችሁ። ሕፃን ልጅ እንኳ ይላል። አንለይም ቃሉ አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ሆድ ባሰው። ፈርቶ አይደለም። ለእኔ ተነሱልኝ፣ አለ በልቡ፤ እኒህ የሚያህሉ ሰው ለእኔ ተነሱልኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ቃሉ ሳይወጣ ቀረ። ሽማግሌው በእጁ ቦታውን አሳየው። አንለይ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ሄደና ተቀመጠ።

መደቡ ሞቃት ነበር። ሙቀቱ ከታች ወደ ጉልበቱ ወጣ፣ ከጉልበቱ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ ትከሻው። ደግ ሙቀት ነበር መጀመሪያ። ቆይቶ፣ ኧረ መሽቶብኛል ብሎ ሊነሳ አሰበ። እግሩ አልሰማውም። እጁን ሊያነሳ ሞከረ። እጁም አልሰማውም።

ሽማግሌው አላየውም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው። «በእግዜር ሳትል ተቀመጥክልኝ» አለው። «እኔም ጥንት እንዲሁ ነው የተቀመጥኩት። ሰው ሲገባ አንተም ትነሳለህ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። የገባው ከተቀመጠልህ ትወጣለህ። በእግዜር ካለህ ግን እንደነዚህ ነህ።» ቋጥኞቹን በአገጩ አመለከተ። «ይቅር በለኝ ልጄ» አለና በበሩ ወጣ። ፈጥኖ ነው የወጣው።

ያ ሌሊት እንዴት አለፈ? ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዓይኑ አይከደንም፣ ድምፁ አይወጣም። ሲነጋ የዋርካው ቅጠል እየረገፈ መጥቶ፣ ወለሉ ሳይደርስ ይጠፋል። እሱ የሚያስበው ስለ ታንኳው ነበር። አሁን ደርቋል፤ አሁን ቢሄድ ይደርሳል። እንጉዳይ ሌሊቱን ከሐይቁ ዳር እንደቆመች ያውቃል። አንድ ሰው ይግባ ብሎ ለመነ። ማንም ይሁን፣ አንድ ሰው ይግባ አለ። የሚገባው ሰው ምን እንደሚሆን እያወቀ ለመነ።

በማግስቱ ማምሻውን የእግር ኮቴ ሰማ። ሽቅብ የሚወጣ፣ ቆም እያለ የሚተነፍስ እግር ነው። ያንን እግር ያውቀዋል። እንጉዳይ ጎረቤት ለምና በታንኳ ተሻግራ ነው። ጎረቤትየው ዳር ላይ ቀረ፤ አልወጣም አለ። እሷ ወጣች።

አንለይ አትግቢ ሊላት ፈለገ። ያለ የሌለ ጉልበቱን አፉ ላይ አደረገ። ተመለሺ፣ ሩጪ ሊላት ፈለገ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆመች። ውስጡ ጨለማ ነው። እሷም በወግ ያደገች ናት።

«ቤቶች» አለች።

«ይግቡ» አለ። በገዛ አፉ፣ በገዛ ድምፁ።

ገባች። እግሮቹ በራሳቸው ቀጥ አደረጉት። ከተቀመጠች ይወጣል፤ እሷና የሆዷ ልጅ ይቀራሉ። ካልተቀመጠች ትድናለች፤ እሱ በዚያው ይቀራል። የቱን መረጠ ትሉኛላችሁ? መምረጥ ቀርቶ ጣቱን ማንቀሳቀስ አልቻለም። አፉ ተከፈተ።

«ኖር» አላት።

እንጉዳይ አየችው። በሕይወት አለ፤ ቆሟል። ደክሟታል፤ ወገቧን ይዛለች። ዓይኗ ከኋላው ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ። አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ እየሳቀ የነገራት ነገር ትዝ አላት።

«በእግዜር» አለች። «በእግዜር፣ የኔ ጌታ። ዕድሜህን ሙሉ ለሰው ስትነሳ ኖረህ፣ ደግሞ ለእኔ ትነሳለህ? አንተ ተቀመጥ። ግዴለም፣ አንተ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

ሮጣ አቀፈችው። እጆቿ አንገቱ ላይ ሲያርፉ ተሰማው። ቀጥሎ ሙቀታቸው ብቻ ተሰማው። ያንቺ ጥፋት አይደለም ሊላት ፈልጎ ነበር፤ የመጨረሻ ሐሳቡ ይኸው ነው። ስሙን እየጠራች ስትጮህ ጎረቤትየው ከታች ሰምቶ ወጣ፤ ቋጥኝ አቅፋ አገኛት። በግድ አላቅቆ ወሰዳት። ወንድ ልጅ ወለደች። እስክትሞት ድረስ ግን፣ ሰው ቤት ገብታ ሲነሱላት «በእግዜር» ብላ አታውቅም። ትቆማለች፣ ተመልሳ ትወጣለች።

ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። በተለይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻችሁን አትሂዱ።

አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቀኝም። ሽማግሌው የት ሄደ? የገዛ ቤቱ ከፈረሰ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ የሚያውቀው ሰው አልቋል። መቀመጥ እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። ሰው ተሰብስቦ ሲያመሽ ድምፁን ሳያሰማ ይገባና በር አጠገብ ይቆማል ይባላል። ጨዋ ሰው አይቶት ብድግ ይልለታል። ሽማግሌው በቦታው ይቀመጥበታል፤ ብድግ ያለው ሰው ግን ተመልሶ አይቀመጥም።

ቆይ።

መቀርቀሪያውን አይቻለሁ ያልከኝ አንተ፣ አሁን የት ነው የተቀመጥከው? እዚህ፣ እኔ አጠገብ?

ታዲያ በሩ ጋ የቆመው ማን ነው?

ማንም እንዳይነሳ።