የጋቢው እኩሌታ

«ነጠላዬን ከላይ አድርጊው፤ ቶሎ እንዳገኘው» አለች እናቷ ከደጅ።

ማናየሽ ነጠላውን አጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው። አልጋው ላይ የተቀመጠው ቦርሳ ገና አልሞላም። ሳሙና ገብቷል፤ ንጹሕ ጨርቅ ገብቷል፤ ሁለት ሰፋፊ ቀሚስ፣ የክትትል ካርድ፣ ኩባያ፣ በላስቲክ የተቋጠረ የአጥሚት ዱቄት ገብቷል። የቀረው ፔርሙዙ ነው። ሁሉም የእናት ዕቃ ነው። ለሚመጣው ልጅ ግን አንዲት ጨርቅ እንኳ የለችም።

እንዲህ ይሁን ያለችው እናቷ ስሜነሽ ናት። «ለእኔ የሚያስፈልገውን ብቻ ክተቺ። ያልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰፋለትም» ብላለች። ስሜነሽ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው፤ የዳንግላ የጋሪ ፈረስ ሁሉ ተሰብስቦ ቢጎትታት ፈቀቅ አትልም።

ግትርነት ይመስላል እንጂ ፍርሃት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በዚሁ ቦርሳ ውስጥ ቢጫ የሕፃን ብርድ ልብስ ነበር፤ ማናየሽ ራሷ በኪሮሽ የሠራችው ነጭ ኮፍያም ነበር። እናትና ልጅ ብዙ ጊዜ ወስደው፣ እየሳቁ ነበር ያዘጋጁት። ወንድሟ ጠዋት ተወለደ፤ ቀኑ ሳይመሽ ሞተ። ስም እንኳ አልወጣለትም። ብርድ ልብሱም ኮፍያውም አብረውት ተቀበሩ። ለቅሶ ከደረሱት ሴቶች አንዷ፣ ክፉ አስባ ሳይሆን አፏ አላርፍ ብሏት፣ እንግዳው ሳይመጣ መደብ ማንጠፍ ደግ አይደለም አለች። ያቺ ቃል ስሜነሽ ልብ ውስጥ ገብታ ቀረች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰቅሎ ስታይ እንኳ መንገድ ትቀይራለች።

አሁን እንደገና ቀኗ ደርሷል። ያለፈውን የሚያውቁት ሐኪሞች ምጥ እስኪጀምራት እንዳትጠብቅ፣ ቀደም ብላ ሆስፒታል ገብታ እንድትቆይ ነግረዋታል። የማናየሽ አባት አየነው ጋሪ ነጂ ነው፤ ፈረሱን ሊጠምድ ወጥቷል።

ማናየሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ከአልጋው ሥር አንድ ሰማያዊ ፌስታል ሳበች። የክፍል ጓደኛዋ ቤተል የሰጠቻት ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ያደገባቸው፣ ታጥበው የታጠፉ የሕፃን ልብሶች አሉበት። ማናየሽ የእናቷን ትእዛዝ ስትነግራት ቤተል ሳቀችባት። «ከታች ደብቂያቸው በቃ። እናትሽ የምታያቸው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። አቦ፣ አታካብጂ!» ለቤተል ነገር ሁሉ ቀላል ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ርብቃም ቤታቸው መጥታ፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ትልቁ ጠላቱ ብርድ ነው ብላ ነበር። ደጁ ደግሞ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ አላባራም። ማናየሽ ቀሚሶቹን አንሥታ ልብሶቹን ከሥር ከተተቻቸው፤ ቀሚሶቹን መልሳ ደረበችባቸው። ምንም አያስታውቅም።

ግን እጇን ከቦርሳው ማውጣት አቃታት። ያን ጊዜ እናቷ ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ያየችው ነገር ትዝ አላት። ስሜነሽ ቦርሳውን ከፍታ፣ እጇን ከታች ድረስ ሰዳ፣ አንድ የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ስትዳስስ ነበር። ምንም አልነበረበትም። እጇን አውጥታ እንደገና ትከታለች፤ እንደገና ትዳስሳለች። ማናየሽ በር ላይ ቆማ አይታ ለማንም አልተናገረችም።

አሁንስ? ያቺው እጅ ሳሙና ስትፈልግ፣ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ፣ በድንገት ትንሽዬ ሸሚዝ ብትነካ? ማናየሽ እንባዋ መጣ። ልብሶቹን አወጣችና ወደ ፌስታሉ መለሰቻቸው። እናቷን ማታለል አልፈለገችም። ልጁም እንዲበርደው አልፈለገችም። መሀል ላይ ቆማ ቀረች።

ዓይኗ ራስጌዋ ላይ ከተጣለው ጋቢዋ ላይ አረፈ። ስድስተኛ ክፍልን ስታልፍ አባቷ ከእንጅባራ ገበያ የገዛላት ነው፤ ከመታጠብ ብዛት ለስልሷል። ከዚህ ሌላ የምትለብሰው ሙቅ ነገር የላትም። መቀሱን አነሣች። አራት ድርብ ጥጥ እንዲህ በቀላሉ አይቆረጥም፤ ጥርሷን ነክሳ መሀል ለመሀል ቆረጠችው። እኩሌታውን በፔርሙዙ ላይ እየጠቀለለች ሳለ በሩ ተከፈተ።

ስሜነሽ ወገቧን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ ፔርሙዙን፣ ቀጥሎ አልጋው ላይ የቀረውን ግማሽ ጋቢ አየች። ፌስታሉንም አየችው።

«ማኑ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ለፔርሙዙ ነው፣ እማ። ጋሪው ሲያንገጫግጨው እንዳይሰበር» አለች ማናየሽ። ከዚያ ግን ውሸቱ አፏ ውስጥ መረራት። «ለእሱም ነው። ለሚመጣው። አዲስ ነገር አይደለም፣ ለእሱ ተብሎም አልተሰፋም። የኔ ነው። ከፈራሽ አወጣዋለሁ።»

ስሜነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጨርቁን ከፔርሙዙ ላይ ፈትታ ፊቷ ላይ አደረገችውና ብዙ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ማናየሽ አየች፤ አብራት አለቀሰች። ከደጅ አየነው፣ ፈረሱ ዝናብ እየመታው ነውና ቶሎ በሉ አለ።

«ጠብቀን» አለች ስሜነሽ። ከዚያ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። አራቱ ድርብ ተለያይቷል፤ ክሩ መተርተር ጀምሯል። «እንዲህ ከተተወ ሳይውል ሳያድር ያልቃል። መርፌና ክር አምጪልኝ።»

ማናየሽ የሰማችውን አላመነችም። መርፌውን አምጥታ ክሩን አስገባችላት። ስሜነሽ ሲጨንቃት በአዊኛ ነው የምትጸልየው፤ አሁንም በአዊኛ እያጉረመረመች ጠርዙን ትዘመዝም ጀመረች። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆነ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰፋችው።

«አንቺስ ምን ትለብሻለሽ?» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ግማሹ ይበቃኛል።»

ፔርሙዙን ራሷ ጠቅልላ ከተተችው። ፌስታሉን ግን ካለበት አልነካችውም። አየነው ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣት፤ ላስቲክ አለበሳት። ማናየሽ ጎረቤቶቹ ሲሏት እንደሰማችው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ልትል ፈልጋ፣ የላስቲኩን ጫፍ ብቻ አስተካከለችላት። ጋሪው በጭቃው ውስጥ እየተንገጫገጨ ከመንገዱ መታጠፊያ ጠፋ።

ወደ ቤት ተመልሳ ግማሹን ጋቢ ደረበች። ትከሻዋን ሲሸፍን ወገቧ ይቀራል። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ፈርታለች። ፌስታሉን ነገ ለቤተል ልትመልስላት አስባ ነበር። አንሥታ ያዘችውና ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ አልጋው ሥር ሳይሆን እናቷ ስትመለስ እንድታየው ከራስጌዋ አስቀመጠችው።