ወዲህ የዞረችው የውሃ ተርብ

ፎቶ አንሺው በጓሮው ኩሬ ዳር በደረቱ እንደተዘረጋ፣ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞቶ ተገኘ። ካሜራው ግን በሦስት እግሩ ቆሞ ሸምበቆው ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ምስጧ» ይሏታል፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትለቅማ! ያን ጠዋት ግን ጊዜ አጥሯታል። ሃምሳ አለቃው የሟቹን ሚስት ይዞ ለመሄድ ቸኩሏል፤ ሴትዮዋ ደግሞ የአራት ወር ሕፃን ታጠባለች።

«ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ። ሕፃን በወሬ ከእናቱ ጡት አይነጠልም» አለችና ወደ ሚስትየው ዞረች። «በምን ተጣላችሁ፣ እህቴ?»

«በዚሁ በኩሬው ነዋ! የወንድሙ ልጅ ሰጥማበት እንኳ አልደፍንም አለ። ‹ተርቦቼ የት ይሂዱ?› ይለኛል። ግን እኔ እሱን? ኧረ በፈጠረሽ!»

አስከሬኑን ያገኘው የሟቹ ጓደኛ፣ እሱም ፎቶ አንሺ፣ የካሜራውን ምስሎች አሳያት።

«ለአንዲት ቀጭን የውሃ ተርብ ሠላሳ ፎቶ?» አለች።

«በጣም ሲቀርቧት ጥርት ብሎ የሚታየው ፀጉር የምታክል ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ደጋግሞ ያነሳል፤ በኋላ አንድ ላይ ይዋሃዳሉ። በጠዋት የምንመጣውም ክንፏ በጤዛ ርሶ መብረር ሲያቅታት ነው።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ከኩሬው ማዶ፣ አጥሩን ተደግፋ በተሠራች ክፍል ይኖራል። «ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። ከዚያ በፊት ከአልጋዬ አልወረድኩም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ምስጧ ኩሬውን ትዞር ጀመር። አንዷ ተርብ ወዳረፈችበት ሸምበቆ ስትጠጋ፣ ተርቧ ሹልክ ብላ ከግንዱ ጀርባ ተሸሸገች፤ ሁለት ዓይኖቿ ብቻ ከግንዱ ግራና ቀኝ ብቅ ብለው ቀሩ። በሌላ በኩል ሄደች፤ ተርቧ አሁንም ዞረችባት። ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ትመስላለች። ምስጧ ሰባት ጊዜ ሞከረችና «ጥራቸው» አለችው ሃምሳ አለቃውን።

ሁሉም ኩሬው ዳር ተሰበሰቡ።

«እነዚህ ተርቦች ሰው ሲመጣባቸው ግንዱን ይከለላሉ። እስከ አሥራ ስምንተኛው ፎቶ ድረስ ተርቧ ከካሜራው ተሸሽጋ ነበር፤ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ግን ወደ ካሜራው በኩል ዞራ ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታለች።»

«ንፋስ ይሆናላ!» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ንፋስ ቢሆን ሸምበቆው ይጎብጥ ነበር። ቀጥ እንዳለ ነው። ካሜራውን የሚያስረሳ ሌላ ነገር ከማዶ በኩል መጣባት። ሃያ አራተኛው ላይ ውሃው ተረጭቷል። ሰውየው ያኔ ነው የተደፈቀው።»

«አሁን ደግሞ ተርብ ልትመሰክር ነው?»

«መዋሸት አታውቅበትም። ከቤት የምትመጣው ሚስት፣ ከዋናው በር የሚመጣው ጓደኛ፣ ሁለቱም ከካሜራው ጀርባ ነው የሚደርሱት። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ ተርቧ እዚያው ማዶ ትቆይ ነበር። በማዶ በኩል ያለው አጥርና አንድ በር ነው።» ወደ ታላቅ ወንድምየው ዞረች። «የእርስዎ በር።»

ሰውየው እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ ስትሰጥም እዚሁ ተኝቶ ነበር፤ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ። አልሰማሁም አለኝ፤ አመንኩት። ዛሬ ግን ሌሊቱን ሙሉ እሷን ስሰማ አድሬ፣ ኩሬውን ድፈንልኝ ብዬ ልለምነው መጣሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ቀስ በል፣ ተርቧን ታባርርብኛለህ› አለኝ። ያኔ ገባኝ፤ እሷንም ሰምቷት ነበር።»

«የወንድምዎ ሚስት ከነልጇ ስትወሰድስ ዝም ብለው ሊያዩ ነበር?»

ሰውየው እጆቹን ዘረጋ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አወጣ። ሚስትየው ሕፃኑን እንዳቀፈች ተጠግታ የታሰሩትን እጆች አየች።

«ጋሼ» አለች እያለቀሰች፤ «ምነው ለኔ ብትነግረኝ? ሁለት አካፋ ይዘን እኔና አንተ እንደፍነው ነበር እኮ!»